ካርቶኑን ከማዘዛችሁ በፊት፦ ለሚድል ስኩል ልጅ የሆምስኩል ዘዴና ካሪኩለም አመራረጥ

ትልቁን ልጄን ከስድስተኛ ክፍል አውጥቼ ቤት ማስተማር የጀመርኩ ዓመት የመጀመሪያ ሥራዬ ካሪኩለም መግዛት ነበር። ኦገስት ላይ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው ካርቶን በራችን ላይ ተቀመጠ። ውስጡ የሰባት ትምህርት መጻሕፍት፣ የመምህር መምሪያ፣ በየቀኑ የሚሠራውን የሚናገር ወፍራም ማኅደር ነበረበት። ቀን 1፣ ቀን 2 እያለ እስከ ቀን 180 ይሄዳል። እኛ ቀን 23 ላይ ቆምን። ሒሳቡ ልጁን ከበደው፣ ንባቡ ሰለቸው፤ እኔም ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ የመምህር መምሪያ የማነብበት ዓይን አልነበረኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ካርቶኑ ዛሬም አልጋ ሥር አለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጆች በዚህ ዕድሜ ቤት አስተምሬአለሁ። የማውቃቸው እናቶችና አባቶች "የትኛውን ካሪኩለም ልግዛ?" እያሉ ይደውላሉ። ገና አትግዙ ስላቸው ቅር ይላቸዋል። ካሪኩለም የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የምትኖሩበት ስቴት ሕግ፣ ቀጥሎ ልጁ በእውነት ያለበት ደረጃ፣ ከዚያ እናንተ ያላችሁ ሰዓት፣ ከዚያ ዘዴው ይታያል። አራቱ ከታወቁ ከመቶው ካሪኩለም ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይቀራል። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደዚያ ያደላሉ።

ደረጃ 1፦ ሕጉን እወቁ

አሜሪካ ውስጥ ልጅን ቤት ማስተማር በሁሉም ስቴት ይፈቀዳል፤ አሠራሩ ግን ወንዝ በተሻገራችሁ ቁጥር ይለወጣል።

ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለዲስትሪክቱ ሱፐርኢንቴንደንት የማሳወቂያ ደብዳቤ ይላካል። አብሮት የምታስተምሯቸው የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ይያያዛል። ሕጉ የሚጠይቀው ዝርዝሩን ብቻ ስለሆነ የመጽሐፍ ስም አትጻፉ። ወላጁ ለማስተማር ብቁ መሆኑን ከአራት መንገዶች በአንዱ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማውን ነው፤ ዲፕሎማ የሌለው በርቀት ትምህርት ፕሮግራም ወይም ማስተማር እንደሚችል የሚያስረዳ ማስረጃ በማቅረብ ማለፍ ይችላል። በዓመቱ መጨረሻ፣ እስከ ኦገስት 1፣ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይገባል። ይህ ማስረጃ አገር አቀፍ የስታንዳርድ ፈተና ውጤት ወይም ፈቃድ ያለው መምህር አለዚያም ማስተርስ ዲግሪ ያለው ሰው የጻፈው የግምገማ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። በፈተናው ስታናይን ከሚባሉት ዘጠኝ የውጤት እርከኖች አራተኛው ላይ መድረስ ያስፈልጋል፤ መቶ ልጆች ቢሰለፉ ሃያ ሦስት ያህሉን መብለጥ ማለት ነው። በዚህ እንቅልፍ አትጡ።

ሜሪላንድ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ማሳወቅ ትፈልጋለች። ፈተና የለም፣ የወላጅ ዲፕሎማም አይጠየቅም። በምትኩ የልጁን ሥራ በፖርትፎሊዮ ሰብስባችሁ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ለካውንቲው ሰው ታሳያላችሁ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት፣ ስምንቱም መታየት አለባቸው። ካውንቲው እንዲገመግማችሁ ካልፈለጋችሁ አምብሬላ በሚባሉት ተቋማት ሥር መመዝገብ ይቻላል። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቂያ፣ ከወላጁ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም አቻውን፣ ከልጁም ፖርትፎሊዮ ትጠይቃለች።

ቴክሳስ ያላችሁ ሰላም ናችሁ። በስቴቱ ሕግ ሆምስኩል እንደ ግል ትምህርት ቤት ይቆጠራል፤ ማንንም ማስፈቀድ የለባችሁም። ንባብ፣ ስፔሊንግ፣ ሰዋስው፣ ሒሳብና የዜግነት ትምህርት ማስተማር ይበቃል። ጆርጂያ በጀመራችሁ በ30 ቀን ውስጥ፣ ከዚያም በየዓመቱ እስከ ሴፕቴምበር 1 ማሳወቂያ ትፈልጋለች፤ 180 ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ተኩል የሚል ቁጥርም አላት። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 15 ታሳውቃላችሁ፤ የሚሸፈነው የትምህርት ዓይነት አሥራ አንድ ነው፣ በየዓመቱም ፈተና ወይም ግምገማ አለ። እነዚህ ነገሮች በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉ በምትጀምሩበት ዓመት የስቴቱን የትምህርት መሥሪያ ቤት ገጽ ራሳችሁ አንብቡ።

ጀርመን ያላችሁ ግን ይህን ጽሑፍ ለማወቅ ያህል ብቻ አንብቡት፤ እዚያ ልጅ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ አለበት። ስዊድንም የምትፈቅደው ለየት ባለ ምክንያት ብቻ ነው። እስራኤል ውስጥ ከትምህርት ሚኒስቴር ፈቃድ ይጠየቃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ደብዳቤው ሳይገባ ልጁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ፤ ከሥራ መቅረት እንደሚቆጠር ሁሉ የልጁም መቅረት ይቆጠራል፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ልጁ ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚከታተለው የመንግሥት ኦንላይን ትምህርት ቤት ሆምስኩል አይደለም። መምህሩም፣ ካሪኩለሙም፣ ፈተናውም የመንግሥት ነው። ለአንዳንድ ቤተሰብ እንዲያውም የሚሻለው እሱ ነው፤ ግን እሱን ከመረጣችሁ የዚህ ጽሑፍ ግማሽ አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 2፦ ልጁ የት ነው ያለው?

የሪፖርት ካርድ ኤ አያታልላችሁ። የልጄ ካርድ ኤ ነበር፤ ክፍልፋይ በክፍልፋይ ሲካፈል ለምን ሁለተኛው እንደሚገለበጥ ግን አያውቅም። መገልበጡን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ሚድል ስኩል ላይ ይኼ ዋጋ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም የስድስተኛ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሁሉ የሚሄደው ወደ አልጀብራ ነው። አልጀብራ የሚያቅታቸው አብዛኞቹ ልጆች የሚያቅታቸው ክፍልፋዩና ኔጋቲቭ ቁጥሩ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና እነዚህን ያለ ካልኩሌተር ስጡት። 3/4 ለ1/2 ሲካፈል ስንት ነው? ከ-3 ላይ -8 ሲቀነስስ? የ60 ዶላር ጫማ ላይ 15 በመቶ ቅናሽ ስንት ዶላር ነው? ሁለት ኩባያ የጤፍ ዱቄት በሦስት ኩባያ ውኃ ከተቦካ ለአምስት ኩባያ ዱቄት ስንት ኩባያ ውኃ ይበቃል? መልሶቹ በተራ 1 ከ1/2፣ 5፣ 9 እና 7 ከ1/2 ናቸው። መልሱን ካገኘ በኋላ "እንዴት አወቅህ?" በሉት። የምትፈልጉት ማስረዳቱን ነው። አራቱንም ካስረዳ ለፕሪ-አልጀብራ ደርሷል። መልስ አግኝቶ ማስረዳት ካቃተው የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ጥቂት ወራት ይቆይ። ክፍልፋዩ ላይ ከወደቀ ወደ አምስተኛ ክፍል ተመለሱ፤ ማንም አያያችሁም። የቤት ትምህርት ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው፣ ልጁ በጓደኞቹ ፊት ሳያፍር የጎደለውን መሙላት ይችላል።

ለንባብ፣ ከሳይንስ መጽሐፍ አንድ ገጽ ያንብብና መጽሐፉን ዘግቶ ይንገራችሁ። ለጽሕፈት፣ ሰላሳ ደቂቃ ስጡትና ስለሚወደው ነገር አንድ ገጽ በእጁ ይጻፍ። ስፔሊንጉን እለፉት። ዐረፍተ ነገሩን ይጨርሳል? ሁለተኛው አንቀጽ ከመጀመሪያው ይቀጥላል? ወረቀቱን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ ሜይ ላይ አውጥታችሁ ታነጻጽሩታላችሁ።

ከትምህርት ቤት ለምን እንደምታወጡትም ለራሳችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ስለቀደማቸው ነው? ስለቀደሙት? በጉልበተኛ ልጆች ስለተሰቃየ? ወይስ ስልኩና ጓደኞቹ ስላሳሰቧችሁ? ስለቀደማቸው የወጣ ልጅና ተጎድቶ የወጣ ልጅ አንድ ዓይነት ካሪኩለም አይስማማቸውም። የተጎዳው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት እንቅልፍ፣ ቤተ መጻሕፍትና እግር ኳስ ያስፈልገዋል። ልጃችሁ አይኢፒ (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣለት የግል ዕቅድ) ካለው ደግሞ ከማውጣታችሁ በፊት ከስፔሻል ኤጁኬሽን ክፍሉ ጋር ተነጋገሩ፤ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሲወጣ ያንን አገልግሎት እንደ መብት መጠየቁ በአብዛኛው ይቀራል።

ደረጃ 3፦ ሰዓታችሁን ቁጠሩ

ሰው ይህን ይዘለዋል። እኔ በሳምንት ሦስት ሌሊት አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ቀን ይሠራል። በወረቀት ላይ የሰባት ቀን ሰንጠረዥ ሠርተን እንቅልፍን፣ ሥራን፣ መንገድንና ምግብን ስንሞላበት ከልጁ ጎን ቁጭ ብዬ የማስተምርበት ጊዜ በሳምንት ስምንት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ያ ካርቶን የጠየቀኝ ሃያ ነበር። ገና ስናዘው የማይሆን ነገር ነበር።

በእኔ ልምድ ለስድስተኛ ክፍል ልጅ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት እውነተኛ ሥራ ይበቃል። ከዚያ ውስጥ ከሰው ጋር መሆን ያለበት ሒሳብ አርባ ደቂቃ፣ ጽሕፈት ሃያ ደቂቃ፣ ያነበበውን መናገር ሃያ ደቂቃ ነው። የቀረውን ብቻውን መሥራት ይለምዳል፤ በአንድ ቀን ግን አይለምድም። የመጀመሪያውን ወር በየሰዓቱ ብቅ እያላችሁ እዩት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ "ጨርሻለሁ" ሲል አንዳንዴ ጀምሬአለሁ ማለቱ ነው።

ሁለታችሁም ቀን የምትሠሩ ከሆነ ልጁ ብቻውን ቤት መቆየት ይችል እንደሆነ የካውንቲያችሁን መመሪያ እዩ። የፌርፋክስ ካውንቲ ምክር ለምሳሌ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ እስከ ሦስት ሰዓት ነው። አያት ቤት ካሉ እግዜር ሰጣችሁ፤ አልጀብራ ማስተማር አይጠበቅባቸውም፣ ቁጭ ብለው ማየታቸው ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ዘዴውን ምረጡ

የዘዴዎቹን ስም ስትሰሙ አትደንግጡ። ብዙዎቹን እኛ ቤት በሌላ ስም እናውቃቸዋለን።

ክላሲካል የሚሉት ዘዴ ትምህርትን በሦስት እርከን ይከፍላል። ሕፃኑ በቃሉ ይይዛል፣ በሚድል ስኩል ዕድሜ "ለምን?" ብሎ ይሟገታል፣ ሲጎረምስ ራሱ አሳምሮ ይናገራል፣ ይጽፋል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ጨርሶ ቅኔ ቤት የገባ ሰው ነበር። ተማሪው መጀመሪያ ግስ ያጠናል፣ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ይፈታል፣ ቀጥሎ የራሱን ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ እያደገ ሄዶ መወድስ ይደርሳል። እርከኑ አንድ ነው። ይህን ዘዴ ለመረጠ ቤተሰብ ሚድል ስኩል ዋናው ጊዜ ነው፤ ሎጂክ፣ ክርክር፣ የታሪክ ንባብ፣ ብዙ ጊዜም ላቲን ይጀመራል። (ላቲኑን በግእዝ የተኩ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልደፈርኩትም።) ድካሙ ከበድ ያለ ነው። ወላጁ አብሮ ማንበብ አለበት፣ ስለዚህ በሳምንት ስምንት ሰዓት ላላት እናት ብቻውን አይሆንም።

ሻርሎት ሜሰን ከ1842 እስከ 1923 የኖረች እንግሊዛዊት አስተማሪ ነበረች። ዘዴዋ አጫጭር ክፍለ ጊዜ፣ ደረቅ የመማሪያ መጽሐፍን ትቶ ሕይወት ያለው መጽሐፍ፣ ውጭ ወጥቶ ተፈጥሮን ማየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያነበቡትን መልሶ መናገር ነው። ከዘዴዎቹ ሁሉ እኔን ያዳነኝ ይኼ መልሶ መናገር ነው። እንግሊዝኛዬ ሥራ ቦታ ይበቃኛል፤ የስምንተኛ ክፍል ድርሰት ለማረም ግን አይበቃኝም። ብዙ ሰው "እኔ ቤት ማስተማር አልችልም" የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው እንዲህ ሆነ፦ ልጁ በእንግሊዝኛ ያነብባል፣ ለእኔ በአማርኛ ይነግረኛል። ገብቶት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ያልገባህን ነገር ይዘህ አትሻገርም። መጀመሪያ ላይ ግማሹ እንግሊዝኛ ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ ስለ ፎቶሲንተሲስ አንብቦ "ተክሉ ፀሐይን እንደ ምድጃ ተጠቅሞ የራሱን ስኳር ያበስላል" አለኝ። አማርኛውም ሳይንሱም በአንድ ድንጋይ።

ዩኒት ስተዲ አንድ ርዕስ ይዞ ሁሉንም ትምህርት በዙሪያው ማዞር ነው። ዓባይን ብትይዙ ጂኦግራፊው፣ ታሪኩ፣ የውኃ ዑደቱ፣ ስለ ግድቡ የሚጻፈው ድርሰት ሁሉ ከዚያ ይወጣል። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ላሉት ቤት በጣም ይመቻል። ሒሳቡን ግን ለብቻው አስተምሩ፤ አልጀብራን በርዕስ አይማሩትም።

አንስኩሊንግ ልጁ የሚማረውን ራሱ ይምረጥ የሚል ነው። ሠርቶላቸው ያየሁት ወላጅ ቀኑን ሙሉ አብሮ ባለበት ቤት ብቻ ነው። ወላጁ ሥራ የሚውልበት ቤት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚመርጠው ቪዲዮ ጌም ይሆናል። ትምህርት ቤቱን እንዳለ ቤት ማምጣት፣ በመማሪያ መጽሐፍና በመልመጃ፣ አሰልቺ ቢባልም ከትምህርት ቤት ጋር ስለሚጓዝ በዓመቱ ለመመለስ ላሰበ ልጅ የተሻለው ነው።

እኔ ሥራ ለሚውል ወላጅ የምመክረው ቅልቅሉን ነው፦ ሒሳቡ በመማሪያ መጽሐፍ፣ ታሪኩና ሳይንሱ በንባብና በመናገር፣ የእንግሊዝኛ ጽሕፈቱ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ። ኮ-ኦፕ የሚባለው የወላጆች ማኅበር በሳምንት አንድ ቀን የጽሕፈት ክፍል ካለው ግቡበት፤ ከሌለም መምህር የሚያርመው ኦንላይን ክፍል ገንዘብ ቢወጣበት አይቆጭም። ቤት ውስጥ ማንም በቅጡ የማያርመው ድርሰት ልጁ አንድ ዓይነት ስህተት ዓመቱን ሙሉ እንዲለማመድ ያደርገዋል።

ደረጃ 5፦ አሁን ካሪኩለሙን፣ በትምህርት በትምህርት

ሒሳብ ቀዳሚው ነው፤ በክፍል ሳይሆን በደረጃ 2 ባገኛችሁት መሠረት ግዙ። ሳክሰን የሚባለው መጽሐፍ በየትምህርቱ ትንሽ አዲስ ነገር፣ ብዙ ክለሳ ይሰጣል፤ ለሚረሳና ሥርዓት ለሚወድ ልጅ ይስማማል፣ ፈጣኑን ልጅ ግን ያደክመዋል። የሲንጋፖር ዘዴ በሥዕልና በሞዴል ለምን እንደሚሆን ያሳያል፤ ወላጁ ግን መጀመሪያ ዘዴውን ራሱ መልመድ አለበት። አርት ኦፍ ፕሮብለም ሶልቪንግ ሒሳብ እንደ እንቆቅልሽ ለሚጥመው ልጅ ነው፤ በትግል የሚማር ልጅ ላይ ብትጭኑት ታስጠሉታላችሁ። ካን አካዳሚ በነፃ ነው፣ ቪዲዮውም መልመጃውም አለ፣ እኛ ግማሽ ዓመት በእሱ ብቻ ሠርተናል። ችግሩ ልጁ በግምት እየነካካ ማለፍ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ ደብተር ላይ እንዲሠራ አድርጉ፣ ደብተሩ ባዶ ከሆነ አልተሠራም በሉት። አሳታሚዎቹ ራሳቸው የደረጃ መመደቢያ ፈተና በነፃ ያወጣሉ። ሳትገዙ አስፈትኑ።

ሳይንስ ሚድል ስኩል ላይ በሦስት ይከፈላል፦ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ ምድርና ጠፈር፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ። በዓመት አንዱን ያዙ። ሲኬ-12 የሚባለው ነፃ ዲጂታል መጽሐፍ ለንባቡ ይበቃል። ለሙከራ ውድ ሳጥን አትግዙ፤ እርሾ አላችሁ። ሦስት ማሰሮ ወይም የመስታወት ዕቃ አዘጋጁ፣ እኩል ዱቄትና ውኃ ይግባባቸው። አንዱ እርሾ ይጨመርበት፣ አንዱ ያለ እርሾ ይቅር፣ ሦስተኛው እርሾ ተጨምሮበት ፍሪጅ ይግባ። በየስድስት ሰዓቱ የአረፋውን ከፍታ በማስመሪያ ይለካና ይመዝግብ። ምን ተለወጠ፣ ምን ሳይለወጥ ቀረ፣ የእንጀራን ዓይን የሚሠራው ጋዝ ከየት መጣ? የሳይንስ መጽሐፍ በሦስት ምዕራፍ የሚለውን በሦስት ቀን ያየዋል። ከዚያ ደግሞ ይጋገራል።

ታሪክ ላይ አብዛኛው የአሜሪካ ካሪኩለም አፍሪካን በግብፅ ጀምሮ በባሪያ ንግድ ይዘጋል። አክሱምን፣ ላሊበላን፣ 1896ን እና ዐድዋን የምትጨምሩት እናንተ ናችሁ። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነፃ መሆናቸውን አስታውሱ፤ በሳምንት አንድ ጠዋት እዚያ ብትውሉ እንደ ትምህርት ይቆጠራል፣ ፎቶና አንድ አንቀጽ ጽሑፍ ፖርትፎሊዮ ውስጥ አስገቡ።

አንድ ነገር አስተውሉ። ገበያው ላይ ካለው የተዘጋጀ ካሪኩለም ብዙው የፕሮቴስታንት አሳታሚዎች ሥራ ነው፤ በሳይንስ መጽሐፋቸው ምድር የጥቂት ሺህ ዓመት ዕድሜ አላት የሚሉ አሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክንም ከራሳቸው በኩል ይጽፋሉ። ኦርቶዶክስም ሁኑ ሙስሊም ወይም ጴንጤ፣ የናሙና ምዕራፉን ሳታነብቡ አትክፈሉ። ልጁ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ቢመለስ የሚጠየቀው የተለየ ነገር ይሆናል።

አማርኛን ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚሠራ አታድርጉት። 231ዱን ፊደል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በቀን አንድ ቤተሰብ ቢይዝ በአንድ ወር ይጨርሰዋል፣ ከስድስት ዓመት ሕፃን ይፈጥናል። ከዚያ ማንበቢያ መጽሐፍ ከመፈለግ በፊት ለአያቱ በስልክ አጭር መልእክት ይጻፍ። መልስ የሚያገኝ ጽሑፍ ይጻፋል።

ደረጃ 6፦ የግዢ አካሄድ

አንድ ላይ አትግዙ። ሒሳቡን ግዙና ጀምሩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚቀጥለውን። የቤተ መጻሕፍት ካርዳችሁ የመጀመሪያው ካሪኩለም ነው፣ ያገለገለ መጽሐፍ ሁለተኛው፤ የመልመጃ ደብተር ብቻ አዲስ ይገዛል። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ለእያንዳንዱ መጽሐፍ እነዚህን ጠይቁ፦

- ወላጁ በቀን ስንት ደቂቃ ይፈለግበታል? በሰንጠረዤ ላይ አለ?
- የመልስ መጽሐፍ አብሮት ይመጣል ወይስ ለብቻ ይሸጣል?
- ለልጁ ነው የሚናገረው ወይስ ለአስተማሪው?
- ባይስማማን ይመለሳል ወይስ ይሸጣል?

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኔ ወሳኝ ነበር። ለልጁ የሚናገር መጽሐፍ ተኝቼም ያስተምራል።

ደረጃ 7፦ ስድስት ሳምንት ሞክሩ

ስድስት ሳምንት ሳይሞላ አትቀይሩ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ስላወጣችሁት ገንዘብ ብላችሁ አትያዙት። መክበዱንና አለመስማማቱን ለዩ። የሚከብደው ልጅ ያማርራል ግን የሚሳሳተው ነገር በየሳምንቱ ይለያያል። ያልተስማማው ልጅ ያንኑ ስህተት ይደግማል፣ ወይም ምንም አይሳሳትም፣ ምክንያቱም መልሱን ከኋላ አይቶታል። ይኼም ደርሶብናል። የመልስ መጽሐፉን መኪና ውስጥ አስቀመጥኩት።

ብቸኝነትንም በዚሁ ጊዜ ገምግሙ። ሳምንቱን ሙሉ ከቤተሰቡ ሌላ እኩያ ያላየ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ካላችሁ ጥፋቱ የሒሳቡ መጽሐፍ ላይሆን ይችላል። የሰፈር ቡድን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የመስጊድ ትምህርት፣ ኮ-ኦፕ፣ ከእነዚህ ሁለቱ በሳምንቱ ሰንጠረዥ ላይ ይጻፉ።

ደረጃ 8፦ ስምንተኛ ክፍል ላይ

በስምንተኛ ክፍል ልጁ አልጀብራ አንድ ወይም የውጭ ቋንቋ ከወሰደ ለሃይስኩል ክሬዲት ሊቆጠር የሚችል ሥራ ነው የሚሠራው። ወደ መንግሥት ሃይስኩል ከተመለሰ ግን ደረጃውንና ክሬዲቱን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ካውንስለሯን ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ፣ የሚቀጥለው ዓመት ኮርስ ሲመዘገብ፣ ቀድማችሁ አግኟት። እስከዚያ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ፎልደር ይኑራችሁ፦ የመጽሐፉ ርዕስና ማውጫ፣ የተጀመረበትና የተጨረሰበት ቀን፣ በየወሩ አንድ የተፈተነበት ወረቀት፣ ከድርሰቶቹ ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ የተጻፉት። የትልቁ ልጄ ካውንስለር ለአልጀብራ አንድ የጠየቀችን የመጽሐፉን ማውጫ ኮፒ፣ አምስት ፈተናና የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ነበር። በማግሥቱ ወሰድንላት፤ ጂኦሜትሪ ክፍል ከመመደቧ በፊት ደግሞ የራሳቸውን ፈተና አንድ ከሰዓት አስቀምጣ አስፈተነችው።